ጭንቀቴ የእምነት ማነስ ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? 27 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ ድንገት ልቤ ይደልቃል፣ ትንፋሽ ያጥረኛል፣ አሁን ሞትኩ እላለሁ። ሐኪም መርምሮኝ ልብሽ ጤነኛ ነው፣ የጭንቀት ሕመም ነው ብሎ መድኃኒት አዘዘልኝ። ጎረቤቶቼ ግን "መንፈስ ነው፣ ክኒኑን ጥለሽ ጸበል ግቢ" ይሉኛል። ለአራት ዓመት አብሮኝ የቆየ ጓደኛም አለኝ። በሰው ፊት ያዋርደኛል፤ ስልክ ካላነሳልኝ ግን ያ ነገር ይነሳብኛል። ላገባው ቃል ሰጥቻለሁ። ብለየው ኃጢአት ይሆንብኛል?

መልስ፦ እኅቴ፣ እምነትሽ አንሶ አይደለም። ነቢዩ ኤልያስ ኤልዛቤልን ፈርቶ ሸሽቶ፣ ከዛፍ ሥር ተኝቶ ሞቱን ለምኗል (1ኛ ነገሥት 19)። መልአኩ አልተቆጣውም። እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፤ በልቶ ተኛ፤ እንደገና ቀስቅሶ አበላው።

ክኒኑን በራስሽ አትጣይ። በድንገት ማቆም ሕመሙን ሊያባብሰው ይችላል። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር ነው ይላል። አቡነ ጳውሎስም በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ መክረዋል። ተጠመቂ፤ ክኒንሽንም ዋጪ። ሐኪም መቀየር ካሻሽ የካ ኮተቤ ሆስፒታል ለሰፈርሽ ይቀርባል፣ የአእምሮ ሕክምናም አለው።

በቀደም ከኪዳን ስወጣ አንዲት ልጅ አጥር ተደግፋ አገኘሁ። የነጠላዋን ጥለት ጨብጣ ትንቀጠቀጣለች። "መምህር፣ እየሞትኩ ነው" አለችኝ። አጠገቧ ቁጭ አልኩ። "እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ" እያልን፣ በእያንዳንዱ ላይ ትንፋሻችንን ቀስ ብለን እያወጣን በጣታችን ቆጠርን። አሥራ ሁለት ስንሞላ ገና ትንቀጠቀጥ ነበር። ደገምነው። በሦስተኛው ዙር ጥለቱን ለቀቀችው። ይህ ሕመም ብዙ ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጫፍ ይደርስና መውረድ ይጀምራል። ሲነሳብሽ አትታገይው፤ እንዲህ እያልሽ አሳልፊው። ቡናም ልብ ያስመታልና ቀንሺ፤ ጎረቤት ሲጠራሽ አቦሉን ቀምሰሽ ብትነሺ ማንም አይቀየምሽም።

አሁን ወደ ሰውየው። እኔን ይበልጥ ያሳዘነኝ ይኸኛው ነው። ስልክ ሲያነሳልሽ ትረጋጊያለሽ። ልብሽም "ያዳነኝ እሱ ነው" ብሎ ይይዘዋል። ነገ ሲያዋርድሽ ትደነግጫለሽ፤ ስትደነግጪ ተመልሰሽ ወደ እሱ ትሮጫለሽ። የሚያስደነግጥሽም የሚያረጋጋሽም አንድ ሰው ሆነ ማለት ነው። ይህን ፍቅር ነው ብለሽ ራስሽን አታታልዪ። በአምላክ ቦታ ሰው ተቀምጧል።

ቃል መስጠት ጋብቻ አይደለም። ቃልሽን ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው፤ የሚፈታው በእሳቸው ፊት ነው። እጁን አንስቶብሽ ከሆነ ግን ምንም ሳትጠብቂ ወደ ቤተሰብሽ ሂጂ።

የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ይከብዳሉ። እጅሽ ስልኩን ይፈልጋል። ብቻሽን አትደሪ፤ እኅትሽን ወይም የምታምኛትን ጓደኛሽን አስጠሪ፣ ስልኩንም እሷ ትያዝልሽ። ቅዳሜ ከኪዳን በኋላ ደጀ ሰላሙ ጋ ነኝ። እሷን ይዘሽ ነይ፣ እንነጋገራለን።