ሊንክ የተጫነን ሰው አታሳፍረው

ወንድሜ፣ «እዚህ አሜሪካ የአንድ ስኩል ዲስትሪክት (የአንድ አካባቢ ትምህርት ቤቶችን የሚያስተዳድር መሥሪያ ቤት) አይቲ ክፍል ገባሁ፤ ሠራተኛው ለሴኪዩሪቲ ደንታ የለውም፣ እንዴት ላስለምደው?» ብለህ የጠየቅከውን አየሁ። እኔ ሜሪላንድ ውስጥ በዚሁ ሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። ስለ ፋየርዎልና ስለ ባክአፕ አልነግርህም፤ እሱን ታውቀዋለህ።

1ኛ. ከላይ ጀምር። ሁለተኛ ማረጋገጫ ኮድ፣ ማለትም ከፓስወርድ ሌላ በስልክ የሚመጣውን ቁጥር፣ ስታስገቡ መጀመሪያ የዲስትሪክቱ የበላይ ኃላፊ፣ የሱፐርኢንተንደንቱ፣ ስልክ ላይ ይግባ። እኛ ጋ አንድ የፋይናንስ ኃላፊ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ «እኔን ተወኝ፣ ሥራ አለብኝ» አለኝ። አለቃዬም ተወለት። ሳምንት ሳይሞላ ርዕሰ መምህራኑ ሁሉ «እኛስ?» አሉ። እውነታቸውን ነው። ፓወርስኩልን የሚያህል የተማሪ መረጃ ሶፍትዌር ኩባንያ እንኳ በ2024 መጨረሻ የተዘረፈው በተሰረቀ ፓስወርድ ነው። የገቡበት የደንበኞች ድጋፍ ገጽ ሁለተኛ ማረጋገጫ አልነበረውም።

2ኛ. የሙከራ ፊሺንግ (ፓስወርድ ለመስረቅ የሚላክ ማታለያ ኢሜይል የሚመስል ፈተና) ስትልክ ተጠንቀቅ። እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነው። በሁለተኛ ዓመቴ ሊንኩን የተጫኑትን ሰዎች ስም ዘርዝሬ ለየርዕሰ መምህራቸው ላክሁ። ትክክል የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ከሁለት ወር በኋላ ለአንዲት የትምህርት ቤት ጸሐፊ እውነተኛው የማታለያ ኢሜይል መጣ። ፓስወርዷን አስገባች፣ ወዲያውም ነቃች። ግን አልደወለችልንም። ሐሙስ ነበር። እኛ የሰማነው ማክሰኞ ነው። እስከዚያ ድረስ ከእሷ ኢሜይል ለባልደረቦቿ ተልኮ ሁለት መምህራን ፓስወርዳቸውን ሰጥተዋል። ደመወዛቸው የሚገባበት የባንክ ቁጥርም ተቀይሯል።

ቢሮዋ ስገባ ሶፍት በእጇ ጨምድዳ ይዛ ነበር። «ስሜ ድጋሚ እንዳይወጣ ፈርቼ ነው» አለችኝ። ያቺን ቃል እስከዛሬ አልረሳኋትም። አምስቱን ቀን ያሳጣን የኔ ዝርዝር ነው።

ከዚያ ወዲህ ስም አውጥቼ አላውቅም። አንድ የስልክ ቁጥር ብቻ አለን፤ የደወለ ሰው ቢሳሳትም መጀመሪያ የሚሰማው «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ነው፣ በእንግሊዝኛው። በየትምህርት ቤቱ የመምህራን ስብሰባ እየሄድኩ አምስት ደቂቃ እለምናለሁ። በበዓል ዋዜማም ስልኩን የሚያነሳ ሰው መድብ። እዚሁ ጎረቤታችን የባልቲሞር ካውንቲን ትምህርት ቤቶች በኖቬምበር 2020 ሃከሮች የመቱት በታንክስጊቪንግ በዓል ዋዜማ ነበር፤ ትምህርቱ በሙሉ ኦንላይን በነበረበት ሰዓት 115 ሺህ ያህል ተማሪ ያለ ክፍል ቀረ። ሎስ አንጀለስንም በ2022 የመቱት በሌበር ዴይ ዕረፍት ነው። ዛሬ እኛ ጋ ጸሐፊዎቹ ከሶፍትዌሩ ቀድመው ይደውሉልኛል። በዚህ እኮራለሁ።

ፔይሮልን፣ ደመወዝ ከፋዩን ክፍል፣ ግን አደራ። ያን ጊዜ ሄጄ ስጠይቅ «ጥያቄው ከራሳቸው ኢሜይል ነው የመጣው፣ እኛ ጋ ስህተት የለም» ብለው በር ላይ አቁመው መለሱኝ። ወደ መምህራኑ አንድ ጊዜ ስልክ ቢመቱ ገንዘቡ አይሄድም ነበር። ከዚያ በፊት «የባንክ ቁጥር ሲቀየር ደውላችሁ አረጋግጡ» ብዬ በቃል ብቻ ነግሬያቸው ነበር፤ ስጠየቅ ማስረጃ አልነበረኝም። አንተ በጽሑፍ ስጣቸው፣ ለሱፐርኢንተንደንቱም ግልባጭ አድርግ። ነገ ጠዋት አድርገው።