ራሱን እያጠፋ የሚነሳ አሮጌ ዴስክቶፕ፦ ሦስተኛ ፎርማት ከማድረግህ በፊት

ወንድሜ፣ የጻፍከውን ላሳጥረው፦ አራተኛ ትውልድ ኮር አይ 5፣ ሁለት ባለ 4 ጊጋ ራም፣ የድሮው ዓይነት የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ራሱን ሪስታርት ያደርጋል፤ አንዳንዴ ብሉ ስክሪን ይታያል፣ አንዳንዴ ምንም ሳያሳይ ድርግም ይላል። ሁለቴ ፎርማት ተደርጎም አልተሻለውም። ከላይ መልስ የሰጡህ ሰዎች ደግሞ «ቫይረስ ነው»፣ «ራም ጨምርበት»፣ «ጣለውና አዲስ ግዛ» ብለውሃል።

ሁለቴ ፎርማት ተደርጎ የተመለሰ ችግር አብዛኛውን ጊዜ የዕቃ ችግር ነው። ቫይረሱን እርሳው። ራም መጨመሩንም አሁን አታስበው፤ ዓይነቱና ፍጥነቱ ያልተጣጣመ ራም ጤነኛውንም ኮምፒውተር ሊያሳምም ይችላል፣ በሽታ በበሽታ ላይ ትደርባለህ።

መጀመሪያ አስፈላጊ ፋይሎችህን ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጥ። ሊሞት የተቃረበ ዲስክ ከታች ባሉት ፍተሻዎች መሃል ሊያልፍ ይችላል።

ቀጥሎ አጠፋፉን ለይ። ሁላችንም «ክራሽ አደረገ» እንላለን እንጂ ነገሩ አንድ አይደለም። መብራት እንደሄደበት በአንዴ የሚጠፋ ኮምፒውተር ፓወር ሰፕላዩን (ኃይል የሚያድለውን ሳጥን) ወይም ማዘርቦርዱን (ሁሉም ዕቃ የሚሰካበትን ዋና ሰሌዳ) ያስጠረጥራል። ብሉ ስክሪን ካመጣ ዊንዶውስ ስህተቱን አይቶ ራሱ አቁሞታል ማለት ነው፤ ኮድ ትቶልሃል። ስታክ አድርጎ ማውሱም አልንቀሳቀስ ካለና የዲስኩ መብራት በርቶ ከቀረ ዲስኩን ወይም ኬብሉን ተመልከት። ያንተ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ቀላቅሎ ስለሚያሳይ መጀመሪያ ማጥራት ያስፈልጋል።

ዊንዶውስ ሲመጣ ጀምሮ ብሉ ስክሪን ካሳየ በኋላ ራሱን ሪስታርት እንዲያደርግ ተደርጎ ነው የተዘጋጀው፤ ስለዚህ ኮዱን ሳታነበው ያልፍሃል። «ዚስ ፒሲ» ላይ በማውሱ ቀኝ ተጭነህ «ፕሮፐርቲስ»፣ ከዚያ «አድቫንስድ ሲስተም ሴቲንግስ»፣ ከዚያ «ስታርትአፕ ኤንድ ሪከቨሪ» ሥር ያለውን «ሴቲንግስ» ክፈትና «አውቶማቲካሊ ሪስታርት» ላይ ያለውን ምልክት አንሳ። ከዚህ በኋላ ብሉ ስክሪን ከመጣ ስክሪኑ ላይ ቆሞ ይጠብቅሃል። ምልክቱን አንስተህም ያለ ምንም ጽሑፍ የሚጠፋ ከሆነ ዊንዶውስ ለማየት እንኳ ጊዜ አላገኘም፤ ኃይል ተቋርጦበታል።

ያለፉትንም ማየት ትችላለህ። ኢቨንት ቪወር (ዊንዶውስ የሆነውን ሁሉ የሚመዘግብበት) ውስጥ «ሲስተም» ሥር «ከርነል ፓወር 41» የሚል ቀይ መስመር በብዛት ታገኛለህ። ብዙ ሰው ይሄንን ሲያይ ምክንያቱን ያገኘ ይመስለዋል። 41 የሚለው «ባለፈው ጊዜ በሥርዓት አልተዘጋሁም» ብቻ ነው። ቁም ነገሩ ያለው «ዲቴይልስ» የሚለውን ስትከፍት «በግቼክ ኮድ» በሚለው ፊት ለፊት ያለው ቁጥር ላይ ነው። 0 ከሆነ ብሉ ስክሪን አልተመዘገበም፤ ወደ ፓወር ሰፕላዩ ሂድ። ከ0 ሌላ ከሆነ የብሉ ስክሪኑ ኮድ ነው፣ ግን ብሉ ስክሪኑ ላይ በሄክሳዴሲማል (በ16 መሠረት) የሚታየው ቁጥር እዚህ በተራ አስርዮሽ ነው የሚጻፈው። ስለዚህ ኢንተርኔት ላይ ሳትለውጥ ብትፈልገው ያሳስትሃል፦ 292 ማለት ብሉ ስክሪኑ ላይ በ124 የሚያልቀው፣ ፕሮሰሰሩ ወይም ቮልቴጁ ላይ የተገኘ የዕቃ ስህተት ነው፤ 26 የሜሞሪ አያያዝ ስህተት ነው፤ 122 ከዲስክ ማንበብ አልተቻለም ነው፤ 278 የግራፊክስ ካርዱ ወይም የድራይቨሩ (ዕቃውን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) ነው።

ከነጠላ ኮድ ይልቅ ስብስቡን እመን። አምስት ጊዜ ጠፍቶ አምስቱም ኮድ የተለያየ ከሆነ ራም ወይም ፓወር ሰፕላይ ነው፤ የተበላሸ ራም ዛሬ የአንዱን ፕሮግራም፣ ነገ የሌላውን መረጃ ስለሚያበላሽ ጥፋቱ በየቀኑ ስሙን ይለዋውጣል። አምስቱም አንድ ዓይነት ሆነው የአንድን ድራይቨር ፋይል ስም እየጠሩ ከሆነ ድራይቨሩ ነው። ፎርማት ያላዳነውም ለዚህ ሊሆን ይችላል፦ ዊንዶውስ አፕዴት ያንኑ አሮጌ ድራይቨር መልሶ ይጭነዋል።

ሶፍትዌርና ዕቃን የሚለይ አንድ ሙከራ ላስቀድም፣ ምክንያቱም ብዙ ልፋት ይቀንስልሃል። ባለ 8 ጊጋ ፍላሽ ላይ ሳይጫን የሚሠራ ሊኑክስ አዘጋጅ፤ ኡቡንቱ ወይም ሊኑክስ ሚንት ይበቃል። ኮምፒውተሩን አጥፍተህ የሃርድ ዲስኩን ሁለቱንም ኬብል ንቀል፣ ከፍላሹ አስነሳና ቪዲዮ እያጫወተ ቀኑን ሙሉ ይቆይ። ያለ ዲስክና ያለ ዊንዶውስ ከጠፋ ዊንዶውሱ ነፃ ወጣ፤ ራም፣ ሙቀት፣ ፓወር ሰፕላይ፣ ማዘርቦርድና የመሳሰሉት ዕቃዎች ቀሩ። ቀኑን ሙሉ ካልጠፋ ደግሞ ዲስኩንና ድራይቨሩን ያዝ።

ራሙ። የኃይል ገመዱን ንቀል፣ ማብሪያውን 10 ሰከንድ ያህል ተጭነህ የቀረውን ኃይል አፍስስ፣ የኮምፒውተሩን ሳጥን ብረት ነክተህ ከእጅህ ስታቲኩን አውርድ። ራሞቹን አውጥተህ ወርቃማውን ጥርስ በነጭ ላጲስ ቀስ አድርገህ ጥረግ፣ ፍርፋሪውን ስሎቱ (ራሙ የሚሰካበት ቦታ) ውስጥ ሳታስገባ አራግፍ፣ በንፁህ ጨርቅ አብስ። ስትመልሰው ሁለቱም ጫፎች ላይ «ቀጭ» እስኪል ተጫን። አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ይሄ ብቻውን የሚያድንበት ጊዜ ጥቂት አይደለም፤ ጥርሱ ላይ የሚይዘው ስስ ቆሻሻ ንክኪውን ያላላዋል።

ከዚያ ሜምቴስት 86 የሚባለውን የራም መፈተሻ ፍላሽ ላይ ጭነህ አስነሳው፣ አራቱንም ዙር ይጨርስ። 8 ጊጋ ላይ ሰዓታት ስለሚወስድ ማታ ትተኸው ተኛ። የዊንዶውሱ የራሱ የሜሞሪ መፈተሻ ስህተት ካገኘ እመነው፣ «ደህና ነው» ካለ ግን አትመነው። አንድ ስህተት ብቻ ቢያሳይም ራሙ አልፏል አይባልም፤ እዚህ ላይ «ትንሽ ነው» የሚባል ነገር የለም። ስህተት ከመጣ አንዱን ራም ብቻ አስገብተህ ድገም፣ ከዚያ ያንኑ በሌላው ስሎት። ስህተቱ ራሙን ተከትሎ ከሄደ ራሙን ቀይር። ሁለቱም ራሞች አንድ ስሎት ላይ ብቻ ከተሳሳቱ ስሎቱ ወይም ማዘርቦርዱ ነው፤ ያንን ስሎት ባዶ ትተህ በሌላው መሥራት ትችላለህ።

ሙቀት ብዙ ጊዜ ያለ ጥፋቱ ይከሰሳል። ያንተ ትውልድ ፕሮሰሰር ወደ 100 ዲግሪ ሲቃረብ መጀመሪያ የሚያደርገው ፍጥነቱን መቀነስ ነው፤ የሚጠፋው ያም ካልበቃው በኋላ ነው። ስለዚህ ከመጥፋቱ በፊት ማሽኑ የሚንቀራፈፍና ፋኑ የሚጮህ ከሆነ ሙቀት ነው፤ በ55 ዲግሪ ላይ ሆኖ ድንገት ድርግም የሚል ከሆነ አይደለም። ኤችደብሊው ሞኒተር የሚባለውን ሙቀት አሳዪ ፕሮግራም ከፍተህ ተመልከት፦ ሥራ ፈትቶ ከ35 እስከ 50፣ ሥራ ላይ እስከ 80 ይሁን ግድ የለም። ከ90 ካለፈ ክፈተው።

አቧራው ያለው ፋኑ ላይ ብቻ ሳይሆን በፋኑና በሂትሲንኩ (የፕሮሰሰሩን ሙቀት በሚያወጣው ብረት) ቅጠሎች መካከል ነው፣ እንደ ብርድ ልብስ ተነጥፎ ታገኘዋለህ። ስትነፋው ፋኑን በጣትህ ያዝ፣ እንዲሽከረከር አትተወው። ከኢንቴል ጋር የሚመጣው ፋን በአራት የፕላስቲክ እግሮች ነው የሚያዘው፤ ከአራቱ አንዷ ከለቀቀች ሂትሲንኩ ያጋድልና ሙቀቱ በሰከንዶች ውስጥ ይተኮሳል። ሂትሲንኩን ካነሳህ የደረቀውን ተርማል ፔስት (በፕሮሰሰሩና በሂትሲንኩ መካከል ያለውን ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) በአይሶፕሮፒል አልኮል (90 በመቶና ከዚያ በላይ) ጠርገህ አዲሱን አንድ የአተር ፍሬ ያህል መሃል ላይ ጣል፤ እግሮቹን በሰያፍ ተራ፣ አንዱን ከዚህ ተቃራኒውን ከዚያ፣ ተጫናቸው። ፔስት ሲበዛ ይሻላል ማለት አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ተጠርጣሪ፣ ፓወር ሰፕላዩ። በውስጡ ያሉት ከፓሲተሮች በሙቀትና በዕድሜ ይደርቃሉ፤ ሲደርቁ ፕሮሰሰሩ ወይም ግራፊክስ ካርዱ በድንገት ብዙ ኃይል ሲጠይቅ ቮልቴጁን ደግፈው መያዝ ያቅታቸዋል። ኮምፒውተሩ ጌም ሲከፈት ወይም ከባድ ሥራ ሲጀምር የሚጠፋው ለዚህ ነው። መጀመሪያ ቀላሉን፦ ዲቫይደሩን ተውና ገመዱን ቀጥታ ግድግዳው ሶኬት ላይ ሰካ፣ ገመዱንም በሌላ ቀይር፤ የላላ ገመድ ልክ እንደተበላሸ ፓወር ሰፕላይ ነው የሚመስለው።

መልቲሜትር ካለህ ዲሲ 20 ቮልት ላይ አድርገህ ኮምፒውተሩ ሥራ ላይ እያለ ለካ። ጥቁሩን ጫፍ ጥቁር ሽቦ ላይ፣ ቀዩን ትርፍ በሆነ ባለ አራት ቀዳዳ ሶኬት ላይ። ቢጫው ሽቦ ከ11.40 እስከ 12.60፣ ቀዩ ሽቦ ከ4.75 እስከ 5.25፣ ማዘርቦርዱ ላይ ከሚሰካው ባለ 24 እግር ያለው ብርቱካናማ ከ3.14 እስከ 3.47 መሆን አለበት። ከዚህ ከወጣ ነገሩ አለቀ፣ ይቀየር። ልኩ ውስጥ ከሆነ ግን ነፃ ነው አትበል፤ ማሽኑን የሚያጠፋው መውረድ የሺሕኛ ሰከንዶች ጉዳይ ነው፣ ተራ መልቲሜትር አያየውም። አረንጓዴውን ሽቦ ከጥቁሩ አገናኝተው «ፋኑ ዞረ፣ ደህና ነው» የሚሉም አሉ፤ ያ የሚያሳየው መነሳቱን እንጂ ሸክም መቻሉን አይደለም። አስተማማኙ ፍርድ ጤነኛነቱ የታወቀ ፓወር ሰፕላይ ተውሰህ ለሁለት ቀን ማሠራት ነው። የምትዋሰው ካጣህና ለብቻው የተሰካ ግራፊክስ ካርድ ካለህ ካርዱን አውጥተህ የስክሪኑን ገመድ ማዘርቦርዱ ላይ ሰካ፤ መጥፋቱ ከቆመ ወይ ካርዱ ነው ወይ ፓወር ሰፕላዩ ሸክሙን አልቻለም። የፓወር ሰፕላዩን ሳጥን ግን አትክፈት፤ ገመዱ ከተነቀለ በኋላም ውስጡ የሚገድል ኃይል ሊቀመጥ ይችላል።

ዲስኩን ለማየት ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ይበቃል። 05፣ ሲ5 እና ሲ6 የሚሉት መስመሮች ጥሬ ዋጋቸው ከ0 በላይ ከሆነና በየቀኑ ከጨመረ ዲስኩ እየሄደ ነው። ሲ7 ብቻ የሚጨምር ከሆነ ግን ዲስኩን አትጣል፣ የሳታ ኬብሉን ቀይር።

የኮምፒውተሩን ሳጥን እንደከፈትክ ማዘርቦርዱ ላይ ያሉትን ሲሊንደር መሳይ ከፓሲተሮች አናት ተመልከት። አናቱ ዝርግ መሆን አለበት፤ ካበጠ ወይም ቡናማ ነገር ካፈሰሰ ምክንያትህን አግኝተሃል። ጠዋት ሲነሳ ሦስት አራቴ ጠፍቶ ከሞቀ በኋላ ቀኑን ሙሉ የሚሠራ ማሽን ብዙ ጊዜ ይሄ ነው። ሰዓቱና ቀኑ ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነም ክቧን ሲአር 2032 ባትሪ ለውጥ። ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ) ውስጥ ፍጥነት ለመጨመር የተነካካ ነገር ካለ ወደ ነበረበት መልሰው።

በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይር። ራም አጽድተህ፣ ፔስት ቀይረህ፣ ኬብል ለውጠህ በአንድ ቀን ቢድን የቱ እንዳዳነው አታውቅም፤ ሲመለስ እንደገና ከዜሮ ነው። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ የሚጠፋ ማሽን ሁለት ሙሉ ቀን ከቆየ ተስፋ አለው። በሳምንት አንዴ የሚጠፋ ከሆነ ግን ሦስት ሳምንት ሳትጠብቅ «ዳነ» አትበል።

ወጪ ላይ፣ ፓወር ሰፕላይ ለመግዛት አታመንታ፤ መደበኛው ኤቲኤክስ ከሆነ ለሚቀጥለው ኮምፒውተርህም ይሆናል። ከመግዛትህ በፊት ግን ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካውን እግር ቁጠር፤ አንዳንድ የቢሮ ዴስክቶፖች በ24 ፈንታ የራሳቸው ባለ 6 ወይም ባለ 14 እግር ስላላቸው መደበኛው አይገባም። ማዘርቦርዱ ከሆነ ግን ገንዘብህን ያዝ። አራተኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው አይደለም፣ የዊንዶውስ 10 ድጋፍም ጥቅምት 2018 ላይ አብቅቷል። ዲስኩና ራሙ ጤነኛ ሆነው ከተገኙ ዲስኩን አውጥተህ አስቀምጥ፣ ራሙን ዓይነቱ ለሚገጥምለት ስጥ።

የበግቼክ ቁጥሮቹንና የሜምቴስቱን ውጤት እዚሁ ሥር ጻፍልን፤ ቢያንስ የሦስት ጊዜ መጥፋት ቁጥር ይኑርህ።