የ14 ሺህ ብር ታይት ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?

«ሰላም እህቴ፣ እንዴት ከረምሽ? አምድሽን ብዙ ጊዜ አነባለሁ፤ ጽፌ ግን አላውቅም። ዛሬ የምጠይቅሽ ነገር ለሌላ ሰው ቀላል ሊመስል ይችላል። እኔን ግን እንቅልፍ ነስቶኛል።

29 ዓመቴ ነው። ደሴ ተወልጄ እዚሁ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ከእናቴ ጋር ነው የምኖረው። ሥራዬ ሒሳብ ክፍል ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ ነው የምውለው። ወገቤን ሲያመኝ ሐኪሙ ‹ተንቀሳቀሺ› አለኝና ከስምንት ወር በፊት ጂም ገባሁ፤ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከሥራ መልስ። ወላሂ ሕይወቴን ነው የቀየረው። ወገቤ ተሻለኝ፣ እንቅልፌ ተስተካከለ፣ ወደ ጦሳ ተራራ ሽቅብ ስወጣ እንደ ድሮው ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ አይልም።

ስጀምር በ600 ብር የገዛኋትን ጥቁር ታይት ነበር የምለብሰው፤ ከላይ ረጅም ቲሸርት፣ ሒጃቤን ደግሞ በስፒል አስይዤ። ማንም ምንም አላለኝም። ቀስ በቀስ ግን ባለ ስም ልብስ የሚለብሱ ልጆች በዙ። ናይኪው፣ ጂምሻርኩ፣ ሉሉሌመኑ። ከስፖርቱ በፊት መስታወቱ ፊት ፎቶ ይነሳሉ፤ እኔ ፎቷቸው ውስጥ እንዳልገባ ጥግ እይዛለሁ። ይሄንንም ችዬው ነበር። ያለፈው ወር ግን ቁጭ ብድግ ስሠራ ከኋላዬ ያለችው ልጅ ጓደኛዋን ‹ያሳያል እኮ› ስትላት ሰማሁ። ለካ ቲሸርቴ ወደ ላይ ተሰብስቦ ነበር። ቤት ገብቼ ታይቷን አምፖል ሥር ዘርግቼ ባያት እውነትም መቀመጫዋ ላይ ሳስታለች፤ እጄን በውስጧ ሳስገባ ጣቶቼ አንድ በአንድ ይታያሉ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ሳምንት ሆነኝ፣ ጂም አልሄድኩም። ወገቤም መለስ ብሎ ያመኝ ጀምሯል።

ዱባይ ያለችው የአክስቴ ልጅ ‹ኦሪጅናሉን ልግዛልሽ፣ በሰው ይመጣልሻል› አለችኝ። ታይቱ ብቻ በኛ ብር 14 ሺህ ነው። ጡት መያዣው፣ ረጅም እጅጌ ያለው የላይኛው ልብስና የስፖርት ሒጃቡ ሲጨመር 33 ሺህ ይሆናል። ደመወዜ ተቆራርጦ 11 ሺህ ነው የሚደርሰኝ፤ ግን 36 ሺህ ብር ዕቁብ ወጥቶልኛል። ይህን ብር ክረምት ሳይገባ የእናቴን ጓዳ ቆርቆሮ ላስቀይርበት ነበር። እናቴ አታውቅም፤ ድንገት ላስደስታት ብዬ ነው።

አሠልጣኛችን ‹ጥሩ ታይት ጡንቻ ይይዛል፣ ውጤትም ቶሎ ያመጣል› ይላል። እውነት ነው? ብሩ ይገባዋል ወይስ ሞኝ ሆኛለሁ? እባክሽ በግልጽ ንገሪኝ።

ስሜ ይቆይ፣ ከደሴ»

አብሽሪ እህቴ። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ‹ቀላል ሊመስል ይችላል› ያልሽውን ግን አልቀበልሽም። ሦስት ሳምንት ከስፖርት ያስቀረ፣ የዳነ ወገብ መልሶ ያሳመመ ነገር ቀላል አይደለም። ‹ሰው ምን አገባው፣ በዚያችው ታይት ሂጂ› ብዬም አልመክርሽም። ታይቷ ሳስታለች፤ አዲስ ያስፈልግሻል። ይሄ ቅንጦት አይደለም። የ33 ሺህ ብሩን ልብስ ግን አትግዢ።

ለምን መሰለሽ? በፈረንጆቹ 2013 ሉሉሌመን የተባለው የካናዳ ኩባንያ፣ አንቺው ጂም ውስጥ ካየሻቸው ስሞች አንዱ ማለት ነው፣ ጥቁር የዮጋ ታይቶቹን ከየሱቁ ሰበሰበ። ሴቶቹ ጎንበስ ሲሉ ያሳያል ተብሎ ነው! አንቺን ያሳፈረሽ ነገር ወደ 100 ዶላር የሚሸጥ ታይት ለለበሱትም አልቀረላቸውም። ስለዚህ የሚሸፍንሽ ዋጋው አይደለም። የሚሸፍንሽ የጨርቁ ውፍረትና የክሩ ጥብቀት ነው፤ ከዚያ ደግሞ ቁጥሩ። ጠባብ ታይት መቀመጫሽ ላይ ሲወጠር ክሮቹ ይራራቃሉ፣ በመካከላቸው ገላ ይታያል። ብዙ ሴት ‹ጥብቅ ሲል ያምርብኛል› ብላ አንድ ቁጥር ቀንሳ ትገዛና ከዚያ በኋላ ጨርቁን ትወቅሳለች።

ሱቅ ስትገቢ እንዲህ አድርጊ። ሻጩን አስፈቅደሽ ታይቱን ወደ በሩ ብርሃን ይዘሽው ውጪ። እጅሽን ውስጡ አስገቢና ጡጫሽን ጨብጠሽ ወጥሪው። ቆዳሽ ካልታየሽ ጥሩ ነው፤ ጥቁሩ ወደ ግራጫነት ከሄደ ተይው። ቀጥሎ በሁለት እጅሽ ጎትተሽ ልቀቂው፤ ወዲያው ወደ ቦታው ካልተመለሰ ሁለት ወር አይቆይም። ከዚያ ገልብጪውና ሁለቱ እግሮች የሚገናኙበትን ቦታ እዪ። አራቱ ስፌት አንድ ነጥብ ላይ የሚገጥም ከሆነ ቁጭ ብድግ ስትሠሪ መጀመሪያ የሚተረተረው እዚያ ነው። ደህና ታይት እዚያ ቦታ ላይ ለብቻዋ የተቆረጠች ትንሽ ጨርቅ አለችው። ስፌቱም ገላ ላይ ጠፍጣፋ ሆኖ የሚተኛ ይሁን፤ ጎልቶ የወጣ ስፌት በላብ ጊዜ ጭንን ይልጣል። በመጨረሻ ልበሺውና መስታወት ፊት ቁጭ ብድግ በዪ። ‹እዚህ እንዴት› አትበዪ፤ የምትከፍዪው አንቺ ነሽ።

እንዲህ ያለውን ታይት በቅርቡ እኔ ራሴ እዚሁ ደሴ ስጠይቅ ከ2,000 እስከ 2,500 ብር ብለውኛል።

አሁን ሒሳብ ክፍል ነሽና አብረን እንደምር። ያቺ የ600 ብር ታይትሽ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ስምንት ወር ስትለበስ 100 ጊዜ ያህል አገልግላሻለች። አንዱ ልብሰት በ6 ብር ማለት ነው። ባለውለታሽ ናት፣ አትጥዪያት። የ2,400 ብር ታይት አንድ ዓመት፣ ማለትም 150 ጊዜ ያህል ብትለብሺው አንዱ ልብሰት 16 ብር ይመጣል። የ14 ሺህ ብሩ በዚህ ሒሳብ ዋጋውን እንዲመልስ 875 ጊዜ መለበስ አለበት። ወደ ስድስት ዓመት! ተለጣጭ ክር በላብና በአጠባ እየላላ ስለሚሄድ ስድስት ዓመት ቀጥ ብሎ የሚቆይ ታይት እኔ አላየሁም።

ውድ ልብስ ሁሉ ማጭበርበሪያ ነው እያልኩሽ አይደለም። እኔም አንድ ጊዜ ከውጭ የመጣ ውድ ታይት ነበረኝ። ሲለበስ ደስ ይላል፤ ወገቡ አይጠቀለልም፣ ጨርቁ ገላ ላይ የለ ያህል ነው። ግን በሙቅ ውሃና በበረኪና አጥቤ ቀትር ፀሐይ ላይ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አሰጣሁትና በሦስት ወሩ ወገቡ ረገበ። ያኔ አለቀስኩ ብልሽ ታምኚኛለሽ? የሁለት ወር ቁጠባዬ ነበር። ልዩነት አለ፤ ልዩነቱ ግን ስድስት እጥፍ አይደለም። ከዚያ ዋጋ ውስጥ ጥቂት የማይባለው የሚሄደው ለስሙ፣ ለማስታወቂያውና ለሱቁ ኪራይ ነው። ትልልቆቹ ስሞች አብዛኛውን ልብስ በራሳቸው ፋብሪካ አይሰፉትም፤ ቬትናም፣ ካምቦዲያ፣ ስሪላንካ ያሉ ፋብሪካዎች ናቸው በኮንትራት የሚሰፉላቸው። እዚሁ ሐረጎን ወርደሽ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ እንኳ ካርቪኮ የተባለው ጣልያናዊ ኩባንያ ለዋናና ለስፖርት ልብስ የሚሆን ተለጣጭ ጨርቅ ማምረቻ ተክሏል። ጨርቁ ከሰማይ የወረደ ምስጢር አይደለም፤ ናይለን ወይም ፖሊስተር ነው፣ በላዩ ላይ ኢላስቴን የሚባለው ተለጣጭ ክር ይገባበታል። መለያው ላይ ኢላስቴን ከ15 እስከ 25 በመቶ ካለ ለቁጭ ብድግ ይበቃሻል።

አሠልጣኛችሁ የሚለውን ደግሞ በግልጽ ልንገርሽ። አጥብቆ የሚይዝ ልብስ ላይ ብዙ ጥናት ተሠርቷል። በማግስቱ የሚሰማውን የጡንቻ ሕመም ለአንዳንድ ሰው ትንሽ ሊያቀልለት ይችላል፤ ኃይልና ፍጥነት ይጨምራል የሚለው ግን አሳማኝ ማስረጃ የለውም። የወገብሽ ጡንቻ የጠነከረው ስምንት ወር ሳታቋርጪ ስለሠራሽ ነው። በዚያች በ600 ብሯ! ወገብ ላይ ፌስታል ጠቅልሎ በማላብ ይከሳል የሚሏችሁም ካሉ አትስሚያቸው፤ የወጣው ውሃ ነው፣ ስትጠጪ ይመለሳል።

ብር የምታወጪበት አንድ ነገር ካለ ጡት መያዣው ነው። እዚህ ላይ አትቆጥቢ። ጡት የራሱ ጡንቻ የለውም፤ ስትሮጪና ስትዘዪ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ጎን ይሄዳል፣ ትንሽም ይሁን ትልቅ። ሕመሙን ብዙ ሴት ‹ልማድ ነው› ብላ ችላው ትኖራለች። ለስፖርት ተብሎ የተሠራ ጡት መያዣ ራሱ የመጣው ገና በ1977 ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ሩጫ ያሳመማቸው ሴቶች ናቸው የሰፉት። ክብደቱን የሚሸከመው ከጡት ሥር የሚዞረው መቀነት እንጂ የትከሻው ማንገቻ አይደለም። ስለዚህ ስትለኪ ሁለቱን እጅሽን ወደ ላይ አንሺ፤ መቀነቱ ወደ ላይ ከተንሸራተተ ሰፍቶሻል፣ ሁለት ጣት ሥሩ አልገባ ካለ ጠቦሻል። ከዚያ እዚያው ቦታሽ ላይ ዝለዪ። የአክስትሽ ልጅ አንድ ነገር ትላክልሽ ከተባለ ይህን ትላክ፤ እዚህ በትክክለኛ ቁጥር ማግኘት እንደሚያስቸግር አውቃለሁ።

ሒጃቡን በተመለከተ፣ ናይኪ በ2017 ለስፖርተኛ ሴቶች የሠራው ሒጃብ ጥሩ ሐሳብ ነው። ስፒል አያስፈልገውም፣ እንደ ኮፍያ ስቦ ማጥለቅ ነው፣ ጨርቁ አየር ያስገባል። አንቺ እንዳልሽው በስፒል የተያዘ ሻሽ ግን ስትተኚ አንገት ይወጋል፣ ላብ ሲጠጣ ደግሞ ይከብዳል። ይህንን ግን ደህና ልብስ ሰፊ ይሠራልሻል። ስስ ቲሸርት የሚሠራበት ዓይነት ተለጣጭ ጨርቅ ግዢ፣ የራስሽን ዙሪያ ይለኩልሽ፣ ተለጣጭ ጨርቅ የሚሰፋ ማሽን ያላቸው መሆናቸውን አስቀድመሽ ጠይቂ። ጥቁርና ቡናማ ሁለት አሰፊ፤ አንዱ ሲታጠብ አንዱ ይለበሳል።

ከላይ የምትለብሺው ረጅም ቲሸርት ጥጥ ከሆነ ጂም ውስጥ ችግር የለውም። ችግሩ ስትወጪ ነው። ጥጥ ላቡን ይዞት ይቆያል፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ከፍታ አካባቢ ያለች ከተማ ናት፤ ማታ ባጃጅ ስትጠብቂ ያ እርጥብ ቲሸርት ጀርባሽ ላይ ይቀዘቅዝብሻል። ወይ ቶሎ የሚደርቅ የፖሊስተር ቲሸርት ይኑርሽ፣ ወይ ደረቅ ልብስ ቦርሳሽ ውስጥ ያዢና ቀይረሽ ውጪ። ሁለተኛው ምንም አያስወጣሽም። ቲሸርቱ እንዳይሰበሰብ ደግሞ ልብስ ሰፊው ግራና ቀኝ ጎኑን ስንጥቅ ያድርግልሽና ርዝመቱን እስከ ጭን አጋማሽ ያውርደው። ቁጭ ስትዪ ይከፈታል እንጂ ወደ ላይ አይሸሽም።

አጠባው እንደኔ እንዳይሆንብሽ። ከጂም እንደተመለስሽ ፌስታል ውስጥ አታሳድሪው፤ ፖሊስተር ሽታ ከያዘ አይለቅም። ገልብጠሽ፣ በቀዝቃዛ ውሃ፣ በጥቂት ሳሙና። በረኪና በፍጹም። ማለስለሻም አትጨምሪበት፤ ጨርቁ ላብ እንዳያስወጣ ይደፍነዋል። ጥላ ላይ አስጪው።

ያቺን ‹ያሳያል እኮ› ያለችውን ልጅ አላውቃትም። ምናልባት ልታሳፍርሽ ብላ ላይሆን ይችላል፤ ምናልባት ለጓደኛዋ ‹ማን ይንገራት› እያለች ነበር። ቢሆንም እንደሚያም አውቃለሁ። የባለ ስሙን ልብስ ብትለብሺ አንድ ሳምንት ያዩሽ ይሆናል፤ ከዚያ ሌላ ቀለም፣ ሌላ ሞዴል ይመጣል፣ አንቺም እንደገና ጥግ ትይዣለሽ። በ11 ሺህ ደመወዝ ያንን ሩጫ መሮጥ አይቻልም። ደግሞ ስምንት ወር ሳታቋርጪ የሠራሽ ሴት ነሽ፤ መስታወቱ ፊት መቆም ይገባሻል። ቁጭ ብድግ ስትሠሪ ጀርባሽ መጉበጥ አለመጉበጡን የምታዪው እኮ በዚያ ነው፤ ለወገብሽ ያስፈልግሻል።

ዛሬ ማታ ለአክስትሽ ልጅ ደውዪላትና ገና ካልገዛች ጡት መያዣውን ብቻ በያት፤ ከጡትሽ ሥር ያለውን ዙሪያና የጡትሽን ዙሪያ በሴንቲ ሜትር ለክተሽ ላኪላት። ታይቱን ቅዳሜ ፒያሳ ወርደሽ በብርሃን አይተሽ ግዢ። ታይቱ፣ ጡት መያዣው፣ ሁለቱ ሒጃብ ከልብስ ሰፊው ጋር ተደምሮ በኔ ግምት 8 ሺህ ብር አያልፍም። ከ36 ሺው 28 ሺህ ይቀርሻል። የቆርቆሮውን ዋጋ አሁኑኑ ጠይቂ፤ ክረምቱ ሲቃረብ ቆርቆሮውም ሠራተኛውም ይወደዳል። ሰኞ ጂም ግቢና ወገብሽ እንዴት እንደሆነ ጻፊልኝ፤ ሦስት ሳምንት ስላረፍሽ ግን ክብደቱን ካቆምሽበት አትጀምሪ፣ ከግማሽ ተነሺ።