የከተማ ጭነት ደንብ፦ ከሰዓት ገደቡ በፊት ማራገፊያው
ጥያቄና መልስ

በጭነት ስምሪት ሥራ ብዙ ዓመት ያሳለፍኩ፣ አሁን በባሕር ዳር የምኖር ሰው ነኝ። ስትጠይቁ ከተማውን፣ የተሽከርካሪውን ዓይነትና የጭነቱን መነሻ እንድትጠቅሱ በትሕትና እጠይቃለሁ።

የእህል ነጋዴ (ደብረ ማርቆስ)፦ ከባድ መኪና በቀን ወደ ገበያ እንዳይገባ ቢከለከል መጨናነቁ ይቀንሳል ይባላል። በሌላ አገር ተሞክሮ ያውቃል?

መልስ፦ እጅግ የቆየ ሐሳብ ነው። በሮም በዩልዮስ ቄሳር ዘመን የወጣ ሕግ ሠረገላ ከፀሐይ መውጫ እስከ አሥር ሰዓት ወደ ከተማው እንዳይገባ ከልክሎ ነበር፤ ሮማውያን ሰዓትን እንደ እኛ ከንጋት ጀምረው ስለሚቆጥሩ ያ አሥር ሰዓት ከእኛው አሥር ሰዓት ጋር ይቀራረባል። ቀኑ ቢቀልም የሠረገላው ጫጫታ ወደ ሌሊት ተዛወረ። በቅርቡ ደግሞ የማኒላ ከተማ በየካቲት 2006 ዓ.ም. በከባድ መኪኖች ላይ የቀን ክልከላ ጣለች፤ ኮንቴይነር የሚያነሣ መኪና እንደ ልብ መግባትና መውጣት ስላልቻለ ወደቡ ተጨናነቀ፤ ክልከላውም በመስከረም 2007 ዓ.ም. ተነሣ። ስለዚህ አስቀድሞ ማራገፊያ ቦታ ያላዘጋጀ ከተማ ሰዓት ቢገድብ ችግሩን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ያዛውራል እንጂ አያቃልለውም።

አሽከርካሪ፦ ለንደን 18 ቶን ገደብ አላት ሲባል 180 ኩንታል ጭነት ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። የተፈቀደው ጠቅላላ ክብደት ማለትም መኪናውና ጭነቱ በአንድነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 የተጀመረው ያ ደንብ በዋናነት የሌሊትና የሰንበት ድምፅን ለመቀነስ የወጣ ነው።

ወጣት ነዋሪ፦ መጨናነቁ መቼ ይፈታል?

መልስ፦ የትኛው ከተማ? የትኛው መንገድ? እባክዎ መግቢያውን ያንብቡ።

የፍኖተ ሰላም ነዋሪ፦ እኔ እንደማየው መንገዱን የሚዘጋው ጋሪ ነው፤ ከአስፋልት ይውጣ።

የዳንግላ ነጋዴ፦ ወንድሜ፣ ጋሪ ባይኖር ሁለት ኩንታል ጤፍ ከገበያ እስከ ቤት ማን ያደርስልናል? ባጃጅ የተሠራው ለሰው ነው።

የፍኖተ ሰላም ነዋሪ፦ ይሥራ እንጂ፣ በውስጥ ለውስጥ መንገድ ይሂድ ነው ያልኩት።

መልስ፦ ሁለታችሁም የምትከራከሩት ስለ ተሽከርካሪው ነው፤ ጭነቱ ከአይሱዙ ወደ ጋሪ የሚገለበጥበትን ቦታ ግን ማንም አላነሣም። ደግሜ እላለሁ፣ ማራገፊያ ቦታ ይቅደም።

ባለ ሱቅ (ባሕር ዳር)፦ ማራገፊያ ቢከለልም የቤት መኪና ይቆምበታል።

መልስ፦ መልካም ነጥብ ነው። ባርሴሎና በተከለሉ ማራገፊያዎች ላይ በአብዛኛው 30 ደቂቃ ብቻ ትፈቅዳለች፤ ሹፌሩ መቆሙን በስልኩ ያስመዘግባል፣ ተቆጣጣሪም አለ። በእኛ ዘንድ ግን 30 ደቂቃ የሚበቃው የጫኝና አውራጅ ዋጋ አስቀድሞ ከተወሰነ ነው። እኔ ያሰማራሁት አንድ ኤፍ ኤስ አር (የአይሱዙ ጭነት መኪና) በዋጋ ክርክር ብቻ ግማሽ ቀን መንገድ ዘግቶ ቆሟል፤ ያን ቀን ያዘነው ሹፌሩ ብቻ አልነበረም፣ በረድፉ ያሉ ሱቆች ሁሉ ሥራ ፈትተው ዋሉ።

ሌላ አባል፦ ዋጋውን ማን ይወስን?

መልስ፦ ይህ ለሕግ ባለሙያ የሚቀርብ ጥያቄ ነው።

ሌላ አባል፦ ታዲያ ክልከላው ከስንት እስከ ስንት ሰዓት ቢሆን ይሻላል?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ፤ ማራገፊያ ቦታ ሳይዘጋጅ ሰዓት መገደብ ችግሩን ያዛውራል እንጂ አያቃልለውም።

የቡሬ ነዋሪ፦ ለማዘጋጃ ቤት ሐሳብ ልናቀርብ ነው፤ ከምን እንጀምር?

መልስ፦ ከቆጠራ። በአንድ የገበያ ቀንና በአንድ ተራ ቀን ከንጋት እስከ ምሽት ቁማችሁ የመጣውን መኪና፣ የጫነውን፣ ለማራገፍ የቆመበትን ደቂቃና ቦታ መዝግቡ። መዝገቡን ይዛችሁ ሂዱ።