ግልገሎቼን ማን በላቸው? ከጓሳ ዳር ለጻፉልን ገበሬ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «የምኖረው መንዝ፣ ጓሳ የሚባለው ጥብቅ የሳር መሬት ዳር ነው። በዚህ ክረምት አራት ግልገል ቀበሮ በላብኝ። ገብሱን ደግሞ እሸት ሆኖ ሳለ ጭላዳ ገባበትና ዳር ዳሩን ጨረሰው። ጠባቂዎቹ አትንኩ ይላሉ፣ ካሳ የሚባል ነገር ግን የለም። ጎረቤቴ ሬሳ ላይ መርዝ አድርግበት አለኝ። ከገደሉ አፍ ያለውን ሳርም አርሼ ድንች ላደርግበት አስቤያለሁ። ምን ትመክረኛለህ? የምጽፈው በልጄ ስልክ ነው።»

ጋሼ፣ እግዜር ይተካልዎ። አራት ግልገል ቀላል አይደለም። የልጅ ደብተርና ጫማ ነው፣ የማዳበሪያ ዕዳ ነው፣ የዓመት በዓል ወጪ ነው። ከተማ ተቀምጦ «የዱር አራዊት ቅርሳችን ናቸው» ማለት ቀላል ነው፤ ቅርሱ ማታ ማታ የሚመጣው ግን እርስዎ በረት ነው። ይሄን ሳልዘነጋ ነው የምመልስልዎት።

መርዙን ግን ይተዉት። አስበውበት ከሆነም ዛሬውኑ ይተዉት። ከዓመታት በፊት ሌላ ወረዳ ስሠራ አንድ ገበሬ ለጅብ ብሎ የሞተች አህያ ላይ መርዝ አደረገ። በማግስቱ ጠዋት ሄድን። ሬሳው ዙሪያ ጥንብ አንሳዎች ክንፋቸውን ዘርግተው ወድቀዋል። የጎረቤቱ ውሻ ደግሞ አፉ አረፋ እንደደፈቀ ምንጩ አጠገብ ተገኘ። ውሃ ጠምቶት ነው እዚያ የደረሰው። ከዚያ ምንጭ ሰው ይቀዳል። ጅቡ በሦስተኛው ቀን መጥቶ የዚያኑ ገበሬ ጥጃ ወሰደ። መርዝ ማንን እንደሚገድል አይመርጥም፣ ጋሼ። በዚያ ላይ ቀይ ቀበሮ በሕግ የተጠበቀ ነው፤ አንዱን ገደሉ ቢባል የሚያስከፍልዎት ከአራት ግልገል በላይ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ግልገሎቹን የበላው ማን ነው?

«ቀበሮ» ብለውኛል። የትኛው ቀበሮ? እናንተ ጋ ሁለት አለ። አንዱ ቀይ ቀበሮ ነው፦ ጸጉሩ ቀላ ያለ፣ ጉሮሮውና ደረቱ ነጭ፣ አፉ ሾጠጥ ያለ፣ እግሩ ረጅም፣ ጭራው ጫፍ ጥቁር። ሌላው ግራጫማው ነው፤ አንዳንዱ ተኩላ ይለዋል። በግ በመብላት ዋናው ተጠርጣሪ ይሄ ግራጫው ነው። ቀይ ቀበሮው ኑሮው በአይጥ ነው። ካላመኑኝ አንድ ቀን ጠዋት ጓሳው ውስጥ ሲያልፉ ድንጋይ ወይም የሳር ጉብታ ላይ ያስቀመጠውን ኩስ በእንጨት ፈርከስ አድርገው ይዩት። የአይጥ ጸጉርና እንደ መርፌ የቀጠነ የአይጥ አጥንት ነው የሚያገኙት። ጓሳ ላይ የተደረገ ጥናትም አለ፦ ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መሃል እየተዘዋወረ ሲያድን ከሦስት ሙከራ ሁለቱ ይሳካለታል፣ ብቻውን ሲሆን ግን ከአራት አንዱ ብቻ። መንጋው መሃል ከሆነ የጭላዳ ግልገል ለምን አይበላም? ፊቱን ወደ ግልገሉ ካዞረ ጭላዳዎቹ ያባርሩታል፣ አይጡም ይቀርበታል። እና አይጥ ገብስዎን ሲፈጅ ከርሞ ከሆነ፣ ይሄ እንስሳ ደመወዝ የማይጠይቅ ዘበኛ ነው ማለት ነው። አልፎ አልፎ ብቻውን የቀረ ግልገል አይነካም ብዬ አልምልልዎትም። ነገር ግን በመላው ዓለም የቀረው 500 ገደማ ነው፣ ያለውም አገራችን ብቻ ነው፤ በግራጫው ጥፋት እሱ መሞት የለበትም።

ሌላም ነገር አለ። አራቱም ግልገሎች በሕይወት እያሉ ነው የተበሉት? ወይስ ሞተው ካደሩ በኋላ ነው አውሬው ያገኛቸው? ይሄን የምጠይቅዎ የሞተ በግ አውሬ ሲበላው ያየ ሰው ሁሉ «አውሬ ገደለብኝ» ስለሚል ነው፣ በእርስዎ አልፈርድም። ማወቂያው ቀላል ነው። ቢላ ይያዙና አንገቱ ላይ ጥርስ ያረፈበትን ቆዳ ገለጥ ያድርጉ። ከቆዳው ስር ደም ረግቶ፣ ጠቁሮ ካገኙ ግልገሉ የተነከሰው በሕይወት እያለ ነው። ሥጋው ንጹህ ከሆነ፣ ጥርስ ገብቶ ደም ካልቋጠረ፣ ቀድሞ ሞቷል። ገና የተወለደ ከሆነ ደግሞ ሰኮናውን ይገልብጡት፤ ከስሩ ያለው ለስላሳ ነጭ ነገር ሳይነካ ካለ ግልገሉ ቆሞ አልሄደም ማለት ነው። ሆዱንም ይክፈቱት። ወተት ከሌለበት ረሃብና ብርድ ነው የገደለው። ብዙ በጎች ታፋና ጭራቸው ተነክሶ፣ ሳይበሉ ከተጣሉ ደግሞ የሰፈር ውሻ ይጠርጥሩ።

እኔ በሠራሁባቸው ደጋ ወረዳዎች ግልገልን በብዛት የሚጨርሰው የክረምት ብርድ፣ የሳንባ በሽታና ትል ነው፤ አውሬው ከነሱ ኋላ ነው የሚመጣው። እናንተ ጋ ሐምሌና ነሐሴ ምን እንደሚመስል እርስዎ ያውቁታል፤ ጭጋጉ ቀኑን ሙሉ አይገለጥም፣ በጉ እርጥብ እንደሆነ ያድራል። በዚያ ወር የተወለደ ግልገል ዕድሉ ጠባብ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚስተካከለው የወሊድ ወሩ ነው። በግ አምስት ወር ነው የምታረግዘው። አውራውን ለይተው ቆይተው ሚያዝያ መጨረሻና ግንቦት ላይ ቢያገናኙ፣ ግልገሉ መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ላይ ይወለዳል። ያኔ ሳር አለ፣ እናቲቱ ወተት አላት፣ ጸሐይ አለ። ደግሞ አንድ ላይ ስለሚወልዱ መጠበቁም ይቀልዎታል፤ ዓመቱን ሙሉ አንድ እዚህ አንድ እዚያ ሲወለድ ግን ማን ይጠብቀዋል? አውራው የወል ከሆነ ጎረቤትም መስማማት አለበት፣ ብቻዎን ቢለዩ ዋጋ የለውም።

ግልገሉ እንደተወለደ እትብቱን አዮዲን ይቀቡት። እንገሩን ቶሎ ይጥባ፣ ግማሽ ቀን ሳያልፍ። የመጀመሪያዎቹን ሦስትና አራት ሳምንታት ከእናቱ ጋር ጓሳ ድረስ አይሂድ። ቤት አጠገብ ይቆይ፣ እናቱም ቅርብ ትሰማራ። አውሬ የሚያነሳው መንጋውን መከተል ያልቻለውን፣ ኋላ የቀረውን ነው። በረቱን ደግሞ ይዩት እስቲ፦ ካቡ በደረትዎ ልክ ነው? ከላይ እሾህ አለው? ከስር ውሻ የሚያሾልክ ቀዳዳ የለውም? ጣራ ከሌለው ቢያንስ ግልገሎቹ የሚያድሩበትን ጥግ ይክደኑት። ጓሳ ሳር ደጅዎ ላይ እያለ ግልገል በዝናብ መሞት የለበትም።

የጉበት ትሉንም አይርሱ። ረግረግ ዳር የሚግጥ በግ መንጋጋው ስር አብጦ፣ የዓይኑ ሽፋን ከውስጥ ነጥቶ ካዩ እሱን ይጠርጥሩ። ከክረምት በኋላና በበጋው መሃል መድኃኒት ይሰጥ። ብቻ ገበያ ላይ በየምንጣፉ ከሚሸጠው አይግዙ፣ የቀበሌው እንስሳት ጤና ባለሙያ ጋ ይሂዱ። አልቤንዳዞል ከሆነ የሚሰጥዎት፣ ገና ያረገዘች በግ በመጀመሪያው ወር መውሰድ የለባትም፤ ይንገሩት። የሳንባውን ክትባትም አብረው ይጠይቁ።

ውሻ አለዎት? የሚኖርዎት ይመስለኛል። በዓመት በዓመት የእብድ ውሻ ክትባት ይከተብ። ይሄ ለእርስዎም ለልጆችዎም ነው። ውሻ ከነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውሃ ለሩብ ሰዓት ያህል ማጠብና ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ጣቢያ መድረስ ነው፤ ሌላ ሕክምና አይቅደም። ቀይ ቀበሮውንም በብዛት የፈጀው የእኛው ውሻ በሽታ ነው። ባሌ፣ ዌብ ሸለቆ ውስጥ በ2003 እ.ኤ.አ. የገባው የእብድ ውሻ በሽታ እዚያ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች አብዛኛዎቹን ገደለ። ከውሻ የተነሳ ነው። ስለዚህ ውሻዎ ሌሊት በረት ላይ ይታሰር እንጂ ጓሳ ውስጥ አይዙር። በግ ሲሞትም ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረው ይቅበሩ፤ ሜዳ ላይ የተጣለ ሬሳ ግራጫውን ቀበሮ ደጅዎ ድረስ ማስለመድ ነው።

የጭላዳው ነገር ይከብዳል። እዚህ ላይ አላባብልዎትም፤ ጉዳቱ እውነት ነው፣ ጥፋቱም የእርስዎ አይደለም። ግን ጠባዩን ካወቁ ግማሽ ሥራው ይቀላል። ጭላዳ ምግቡ ሳር ነው። ገብሱም ለሱ ወፍራም ሳር ነው። ሌሊት ገደል ውስጥ ያድራል፣ ጸሐይ ሲሞቅ ይወጣል፣ ሲመሽ ይመለሳል። ስለዚህ እንደ አሳማና ጃርት ሌሊት ማማ ላይ አያሳድርዎትም። ደግሞም ከገደሉ ርቆ መሄድ አይወድም፤ ሲደነግጥ የሚሮጥበት አፋፍ ቅርብ እንዲሆንለት ይፈልጋል።

አሁን ያንን ሳር አርሼ ድንች ላድርግበት ያሉትን ያስቡት። ያ ሳር ነው ጭላዳውን አጥግቦ ከገብስዎ የሚያቆየው። እሱን ካረሱት ማሳዎን ወስደው ገደሉ አፍ ላይ አስቀመጡት ማለት ነው። ድንቹም አይተርፍም፤ በበጋ ሳሩ ሲደርቅ በእጁ ሥር እየቆፈረ የሚበላ እንስሳ ነው። በዚያ ላይ ተዳፋት ነው። ሁለት ክረምት ጎርፍ ከወሰደው አፈሩ አይመለስም። ይልቅ ሳሩ እንዳለ ይቆይ፣ ጥቅምት ኅዳር ላይ አጭደው ድርቆሽ ያድርጉት። ከሳሩ ቀጥሎ ያለችውን የማሳውን ዳር ደግሞ ከገብስ ያውጧት። ነጭ ሽንኩርት ወይም ተልባ ያድርጉባት፤ እኔ ባየሁት እንደ ገብስ እሸት አይሯሯጡባቸውም። ገብሱ ወደ ውስጥ ይግባ። ያኔ ጭላዳው ገብስ ጋ ለመድረስ ባዶ ሜዳ ማቋረጥ አለበት፣ እርስዎም ከሩቅ ያዩታል።

ጥበቃውን ብቻዎን አይችሉትም። ገብሱ እሸት ሆኖ የሚቆየው ሦስት አራት ሳምንት ነው። ገደሉ ዳር ማሳ ያላችሁ ገበሬዎች ተሰብሰቡና ወረፋ አውጡ፦ ዛሬ የእርስዎ ቤት፣ ነገ የጎረቤት። ጠዋት ጸሐይ ሳይሞቅ አንድ ሰው ጅራፍና ወንጭፍ ይዞ አፋፉ ላይ ይገኝ። ዋናው ቀድሞ መገኘቱ ነው። ገብስ ውስጥ ገብቶ ከቀመሰ በኋላ ማባረር አድካሚ ነው፣ ሳይገባ መመለስ ግን ቀላል ነው። ድንጋዩ አጠገቡ ይውደቅ፣ አይምቱት። ልጆቹ ደግሞ ከትምህርት አይቅሩ። በአምስት ቤት ወረፋ ከተያዘ አንድ ሰው በሳምንት አንድ ቀን፣ ቢበዛ ሁለት ቀን ነው የሚውለው።

አንድ ነገር ልጨምር። ጓሳን ያቆየው የእርስዎ ወገን ነው። አቅኚ አባቶች የሚባሉት አስቦና ጌራ ቦታውን ከያዙ ጀምሮ፣ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን አንስቶ፣ ቄሮ በሚባለው የጋራ አጠባበቅ ሥርዓት ሳሩ ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ተዘግቶ ይከፈት ነበር። በ1967 የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ፈረሰ። በኋላ ሕዝቡ በኮሚቴ መልሶ አቆመው። ስለዚህ ኮሚቴው ፊት ሲቆሙ እንደ ለማኝ አይቁሙ። የሞቱትን ግልገሎች፣ የተበላውን የገብስ ዳር በልጅዎ ስልክ ፎቶ አንስተው፣ ቀኑን ጽፈው ይዘው ይሂዱ። ቀበሌም ግብርና ጽሕፈት ቤትም ያስመዝግቡ። ካሳ ሲከፈል እኔም አላየሁም። ግን ሳሩ ሲከፈት የገደል ዳር ገበሬ ቅድሚያ ያግኝ፣ ለጥበቃ ሰው ሲቀጠር ከተጎዳ ቤት ይቀጠር፣ ከጎብኚ የሚገባው ገንዘብ ለበግ ክትባት ይዋል ማለት ይችላሉ። ባለፉት ዓመታት በጸጥታው ምክንያት ጎብኚው ቀንሷል፣ አውቃለሁ። ሳሩ ግን አለ። የጓሳ ሳር ለጣራም ለገመድም ይሸጣል፤ ከክፍያው ላይ ለተጎዳው ትንሽ ይመደብ ብሎ መጠየቅ መብትዎ ነው።

ለጊዜው ይሄን ያድርጉልኝ። ሌላ ግልገል ከሞተ ሳይቀብሩ አንገቱን ገልጠው ፎቶ ያንሱ፣ ሰኮናውንም እንዲሁ። አጠገቡ ኮቴ ካለ ክብሪት ቀፎ ጎኑ አስቀምጠው ያንሱት፣ መጠኑን ለማየት። ፎቶውን ልጅዎ ይላክልኝ። ማን እንደሆነ አብረን እንለየዋለን።