የወረዳ በጀት ዘላቂነት መቼ ይለካ?

ከአንድ ወረዳ የዕቅድና በጀት ክፍል የጻፉት እህታችን የጠየቁት፣ በጀታቸው ለዘላቂ ልማት ያለውን ፋይዳ በምን መለኪያ ማሳየት እንደሚችሉና ፕሮጀክቶችን ከ17ቱ የዘላቂ ልማት ግቦች ጋር ማያያዝ ይበቃ እንደሆነ ነው። በአዲስ አበባ ደቡብ ዳርቻ ባለ አንድ ወረዳ በዚሁ ሥራ ላይ ለዓመታት ስለቆየሁ ያየሁትን ላካፍል።

ማያያዙ አይከፋም፤ ብቻውን ግን የሚለካው ነገር የለም። እኛም በአንድ ወቅት ከየፕሮጀክቱ ጎን የግብ ቁጥር የሚጻፍበት ዓምድ ጨምረን ነበር፤ የጎርፍ መውረጃ ቦዩም፣ የጽሕፈት ቤቱ አጥርም «ግብ 11» ተብለው አለፉ። አጥር ከተማን እንዴት ዘላቂ እንደሚያደርግ የጠየቀ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

እኔን ከመለኪያው ይልቅ የሚያሳስበኝ የሚለካበት ቀን ነው። የበጀት ዓመታችን ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ስለዚህ ሥራው ተረክቦ፣ ክፍያው ተፈጽሞ፣ አፈጻጸሙ በመቶኛ ተሰልቶ ሪፖርት የሚላከው ከባዱ ዝናብ ገና ሳይመጣ ነው። የአካባቢያችን መሬት ደግሞ ጥቁር መረሬ አፈር በመሆኑ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ እየከፈተ ይኮማተራል። አንድ ዓመት በሰኔ ግርግር የተነጠፈ የኮብልስቶን መንገድ «መቶ በመቶ ተፈጽሟል» ብዬ በገዛ እጄ ጻፍኩ። መስከረም ላይ በዚያው ሳልፍ የመንገዱ መሐል ሰርጎ ኩሬ ሠርቷል፤ ነዋሪዎቹ ከዳር ያለውን ድንጋይ ነቅለው ኩሬው ውስጥ መረማመጃ አድርገውታል። ሪፖርቱ ግን እስከ ዛሬ መቶ በመቶ እንዳለ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለፈውን ዓመት ሥራዎች ጥቅምት ላይ እየዞርን ማየት ጀመርን። ስለ ቦይ የምንመዘግበው ስንት ሜትር እንደተሠራ ብቻ መሆኑ ቀርቶ፣ ክረምቱን ሳይደፈን ያሳለፈው ምን ያህሉ እንደሆነ ሆነ፤ ለቦኖም በሳምንት ስንት ቀን ውሃ እንደሚወርድበት እንጠይቃለን። ችግኝ የሚታይበት ቀን ግን ይለያል። ሐምሌ የተተከለው መጽደቁ የሚታወቀው በጋውን አልፎ ግንቦት ላይ ሲቆጠር ነው፤ ነሐሴ ላይማ ሁሉም አረንጓዴ ነው።

ከሒሳቡ በኩል አንድ ንጽጽር በቂ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። በ6300ዎቹ የሒሳብ መደቦች (የቋሚ ንብረትና የግንባታ ወጪ ኮዶች) ለግንባታ የሚወጣው ከዓመት ዓመት እያደገ፣ በ6200ዎቹ (የዕቃና አገልግሎት ወጪ) ውስጥ ያለው የጥገና መደብ ባለበት ከቆመ ወይም ወደ ዓመቱ መጨረሻ ለነዳጅና ለአበል ከተዛወረ፣ የተሠራው ነገር እንደማይቆይ ሳይዞሩም ማወቅ ይቻላል። የሦስት ዓመት የሒሳብ ሪፖርት ጎን ለጎን ማየት ነው።

አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ። የመጀመሪያው ዓመት የጥቅምት ውጤት ከሰኔው ሪፖርት ዝቅ ማለቱ አይቀርም፤ እኛ ዘንድም ቁጥሩ «ገጽታ ያበላሻል» ተብሎ ሊሰረዝ ሲል፣ ከሠራተኞች የውጤት ተኮር ምዘና ጋር እንደማይያያዝ በቃለ ጉባኤ ካስያዝን በኋላ ነው የተረፈው።

ቅጹ አንድ ገጽ ይበቃዋል፦ የሥራው ስም፣ ርክክብ የተደረገበት ቀን፣ ጥቅምት ላይ ያለበት ሁኔታ፣ በዚህ ዓመት ለጥገናው የተያዘ ብር። አራተኛው ዓምድ ባዶ ከሆነ ባዶውን ይተዉት፤ በበጀት ስሚው (የበጀት ጥያቄ ቀርቦ በሚደመጥበት መድረክ) ላይ አውጥተው የሚያሳዩት እሱን ነው።