ችግሩን በኪሎ መዝናችሁ አምጡ፦ ለጅማ ወጣት ባለሙያዎች

ውድ ልጆቼ፣

ዩኒቨርሲቲና ኢንዱስትሪ ተሳሰሩ ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው የመግባቢያ ሰነድ መፈረሙን ነው። ሰነዱ አያስፈልግም አልልም፤ የፋብሪካውን በር የሚያስከፍተው እሱ ነው። ነገር ግን ተፈርሞ መሳቢያ ውስጥ የቀረው ትስስር ሥራ ከወለደው የሚለየው በአንድ ነገር ነው፤ በቁጥር የተለካና በድርጅቱ በኩል ባለቤት ያለው ችግር በመሃላቸው መኖር አለመኖሩ። የዚህ ችግር ፍለጋ ደግሞ የፕሬዝዳንቶችና የሥራ አስኪያጆች ሥራ ብቻ አይደለም። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ምህንድስና የምትማሩ፣ በግብርናና እንስሳት ሕክምና ኮሌጁ ያላችሁ፣ በፖሊ ቴክኒክ ብየዳና ማሽን ሥራ የምትሠለጥኑ፣ ችግሩ መጀመሪያ የሚታየው በእናንተ ዓይን ነው።

ጅማ ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደለችም። የዛሬው ጅማ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1999 የተመሠረተው በ1952 የተቋቋመው የግብርና ኮሌጅና በ1983 የተቋቋመው የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ተዋህደው ነው። ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርቱ፣ ተማሪውን ወደ ቀበሌ አውርዶ ችግሩን በራሱ እጅ እንዲመዘግብ የሚያደርገው ልማድ፣ የዚህ ቤት መለያ ሆኖ የቆየ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለውን የመልኮ የግብርና ምርምር ማዕከልንም አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ውስጥ ሲታይ መፍትሔው ቤተ ሙከራ ውስጥ ተቀምጦ አልተገኘም። ተመራማሪዎቹ ማሳ ለማሳ ዞረው፣ የሌላው ዛፍ ፍሬ ሲጠቁር ሳይነኩ የቆሙ እናት ዛፎችን ለዩ፤ ችግኙንና ፍሬውን ሆን ብለው በበሽታው እየበከሉ ፈተኑ፤ የተረፈውን አባዝተው ለገበሬው መለሱ። ዛሬም ገበሬው የሚጠራቸው 74110 እና 74112 የዚያ ሥራ ውጤት ናቸው፤ መነሻቸው መቱ አጠገብ ያለችው ቢሻሪ ናት፤ 74 የሚለው ቁጥርም የተመረጡበት ዓመት ነው። ዛፉ በገበሬው ማሳ ላይ ነበር፣ የፍተሻ ዘዴው በተመራማሪው እጅ። እውነተኛ ትስስር መልኩ ይህ ነው።

እንግዲህ ለኢንተርንሺፕ ወይም ለመመረቂያ ሥራ ድርጅት ስትመርጡ ትልቅ ስም አትፈልጉ። እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ የተመረቀው የጅማ ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ፣ የግልገል ጊቤ የኃይል ማመንጫ አለ፣ እነሱም ጥሩ ናቸው። ግን በጎማ፣ በማናና በሊሙ ያሉት የቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች፣ የከተማው የእንጨትና የብረታ ብረት ሥራ ቤቶች፣ የሆስፒታሉ የሕክምና መሣሪያ ጥገና ክፍልም ኢንዱስትሪ ናቸው። እንዲያውም ለተማሪ ይመቻሉ፤ ውሳኔ የሚሰጠው ሰው በቅርብ አለ፣ ለውጡም በሳምንት ውስጥ ይታያል። ከመግባታችሁ በፊት ኃላፊውን ጠይቁ፦ ባለፈው ዓመት ብዙ ጊዜ ወይም ብዙ ዕቃ ያባከነባችሁ ምንድን ነው? መዝገብ አለ? መፍትሔ ቢገኝ ማን ይሠራበታል? ለሦስተኛው ጥያቄ የአንድ ሰው ስም ካልተሰጣችሁ ርዕሱን ተዉት። ባለቤት የሌለው ፕሮጀክት እናንተ በወጣችሁ ማግስት ይሞታል።

ነገሩ እንዲጨበጥ የታጠበ ቡናን እንውሰድ።

እሸት ቡና ወደ መፈልፈያው ማሽን ሲገባ በሚሽከረከረው ክፍልና በቋሚው ሰሌዳ መካከል ያለው ክፍተት ሁሉን ይወስናል። ከጠበበ ፍሬውን ይቆርጣል፤ ከሰፋ ሳይፈለፈል ያሳልፋል። የእሸቱ መጠን ደግሞ እንደ ዝርያው፣ እንደ ቀበሌው ከፍታና እንደ ለቀማው ወቅት ስለሚለያይ ጥቅምት ላይ የተስተካከለ ማሽን ኅዳር ላይ ሊቆርጥ ይችላል። አረንጓዴ ፍሬ ከቀዩ ጋር ተቀላቅሎ ከመጣ ጠንካራ ስለሆነ በየትኛውም ክፍተት በደንብ አይፈለፈልም፤ ስለዚህ ጥፋቱን ማሽኑ ላይ ከመጣላችሁ በፊት የርክክቡን ለቀማ እዩ። አለካኩ ቀላል ነው። በቀን ሦስት ጊዜ፣ ሥራው ሲጀመር፣ መሃል ላይና ሊያልቅ ሲል፣ ከማሽኑ መውጫ አንድ አንድ ኪሎ ውሰዱ። የተቆረጠውንና ያልተፈለፈለውን ለይታችሁ መዝኑ። አሥር ቀን ብትሠሩ 30 ናሙና አላችሁ፤ ከየትኛው ሰዓት፣ ከየትኛው አቅራቢ፣ ከየትኛው ክፍተት ጋር ጉዳቱ እንደሚጨምር ያን ጊዜ ይታያል። የዚህ ሁሉ ወጪ አንድ ሚዛን፣ አንድ ደብተርና ትዕግሥት ነው።

ማድረቂያ አልጋው ላይ ያለው ገንዘብ ደግሞ ከዚህም ይበልጣል። ታጥቦ የወጣ ባለ ገለፈት ቡና፣ ማለትም የውስጥ ሽፋኑ ገና ያልተነሣለት፣ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ውኃ ነው፤ ወደ 11 በመቶ ገደማ መውረድ አለበት። ከ12 በመቶ በላይ እርጥበት ይዞ መጋዘን ከገባ ሻጋታ ይጠብቀዋል፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ብዙ ሰው የማያየው የተቃራኒውን ኪሳራ ነው። በ11 በመቶ እርጥበት 10 ቶን የሚመዝን ቡና በውስጡ 8,900 ኪሎ ደረቅ ነገር አለው። ያው ቡና ሻጋታ ተፈርቶ እስከ 9 በመቶ ቢደርቅ የሚመዝነው 9,780 ኪሎ ነው። 220 ኪሎ ክብደት በፀሐይ ሄደ፤ ፍሬውም ሲቀሸር፣ ማለትም ገለፈቱ ሲነሣ፣ በቀላሉ የሚሰባበር ሆነ። ይህን ስሌት በጣቢያው ኃላፊ ፊት በራሱ ቁጥር ብትሠሩለት ስለ ኢኖቬሽን ንግግር ማድረግ አያስፈልጋችሁም፤ ወንበር ስቦ ያስቀምጣችኋል።

ይህ እንዲሆን ግን መለኪያችሁ እውነት መናገር አለበት። የእርጥበት መለኪያው ለተቀሸረ ቡና ተስተካክሎ ባለ ገለፈት ብታስገቡበት ይዋሻል። እኩለ ቀን ላይ ከአልጋ የተነሣ ትኩስ ናሙናም ያሳስታል፤ ጥላ ውስጥ ቀዝቅዞ ይለካ። የዩኒቨርሲቲው ጥቅም እዚህ ላይ ነው፤ ቤተ ሙከራው ምድጃ አለው። የተቀሸረ ቡና ናሙና በ105 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ16 ሰዓት አድርቃችሁ የጠፋውን ክብደት ከመለኪያው ንባብ ጋር አስተያዩ፤ ልዩነቱንም ለጣቢያው በወረቀት ስጡት። ድርጅቱ የሌለው ምድጃና ትክክለኛ ሚዛን፣ ተማሪው የሌለው አሥር ቶን ቡና፤ ሁለቱ ሲገናኙ ነው አንዱ ለሌላው የሚጠቅመው።

የወቅት ነገር ብዙ ሰው ያሰናክላል። ማጠቢያ ጣቢያ የሚሠራው በለቀማ ወራት ብቻ ነው፤ የምህንድስና ኢንተርንሺፕ ደግሞ አንድ ሙሉ ሴሚስተር ሆኖ እንደ ዩኒቨርሲቲው ካላንደር ይወሰናል። ሁለቱ ካልገጠሙ የቆመ ማሽን ስታዩ ትከርማላችሁ። ስለዚህ ቀድማችሁ አስቡ፤ በለቀማው ወቅት ቅዳሜና እሑድ ሄዳችሁ መረጃውን ሰብስቡ፣ በኢንተርንሺፑ ጊዜ ማሽኑ ተፈትቶ ሲጠገን አብራችሁ ሥሩ። የተበላ ሰሌዳና ያለቀ ቤሪንግ የሚታየው ያኔ ነው።

አራቱን ወር እንዴት እንደምትከፍሉትም ልንገራችሁ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ምንም ሐሳብ አታቅርቡ፤ እዩ፣ ለኩ፣ ከሌሊት ፈረቃውም ጋር ተቀመጡ። ቀን ብቻ የተለካ ነገር ግማሽ እውነት ነው። በአንድ ወሩ መጨረሻ አንድ ችግር ምረጡ፣ የምትነኩትም አንድ ነገር ብቻ ይሁን። ክፍተቱንም ፍጥነቱንም አንድ ላይ ከቀየራችሁ ለውጡ ከየትኛው እንደመጣ ማንም አያውቅም። ቀጣዮቹ ሁለት ወራት የሙከራ ናቸው። ከዚያ በኋላ በመጀመሪያው ዘዴ፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ሚዛን ድጋሚ ለኩ። ሠራተኛው እናንተ ስትቆሙበት ተጠንቅቆ እንደሚሠራም አትርሱ፤ አጠገቡ ሳትሆኑ የተወሰደ ናሙናም ያስፈልጋችኋል። ፎርማኑን ተጠግታችሁ ጠይቁት፤ የማሽኑ ድምፅ ሲቀየር ምን እንደተበላሸ የሚያውቅ ሰው ከአማካሪ መምህራችሁ እኩል መምህራችሁ ነው፤ በሪፖርታችሁም ፈቃዱን ጠይቃችሁ ስሙን አስፍሩ።

አዲስ ነገር መሥራት ሁልጊዜ አዲስ ማሽን መሥራት እንዳይመስላችሁ። የባዮሜዲካል ተማሪዎች የኦክስጅን ማመንጫ መሣሪያን አስቡ። አየር ስቦ ናይትሮጅኑን ዚዮላይት በሚባል ማዕድን ያስቀርና ኦክስጅኑን ያሳልፋል። ንጽሕናው ከ82 በመቶ በታች ሲወርድ ለታካሚ አይሆንም። የሚወርደው ብዙውን ጊዜ ማጣሪያው በአቧራ ስለተደፈነ፣ ዚዮላይቱ እርጥበት ስለጠጣ፣ ወይም የኤሌክትሪኩ መዋዠቅ ኮምፕሬሰሩን ስላደከመው ነው። ተማሪ አዲስ መሣሪያ ነድፎ መመረቅ ይመኛል። ክፍሉን የሚጠቅመው ግን በየሳምንቱ ማጣሪያ የሚታጠብበት መርሐ ግብር፣ በየመሣሪያው ላይ የተለጠፈ የንባብ ሰንጠረዥ፣ የቮልቴጅ ማስተካከያ፣ መለዋወጫ ቀድሞ የሚጠየቅበት መዝገብ ነው። ይህ ሥራ አንሶባችሁ እንዳይታያችሁ፤ ሕፃን የሚተነፍስበት ነው።

ዕቃ የምትሠሩም ከሆነ ጅማ ውስጥ ሊጠገን የሚችል ሥሩ። ንድፋችሁን ከመጨረሳችሁ በፊት ወደ መርካቶ አትሩጡ፤ መጀመሪያ የከተማውን መለዋወጫ ሱቆች ዙሩ፣ ያለውን ቤሪንግ ቁጥር ጻፉ፣ ዘንጉን በዚያ ልክ ንደፉ። 6204 ቤሪንግ የውስጥ ቀዳዳው 20 ሚሊ ሜትር ነው፤ ዘንጋችሁን 22 ካደረጋችሁት የሚገጥም ስትፈልጉ ትከርማላችሁ። ሥዕሉን ለፖሊ ቴክኒክ ሠልጣኝ አሳዩት። በቴክኒክና ሙያ የትብብር ሥልጠና ውስጥ አብዛኛውን ጊዜውን ሥራ ቦታ የሚያሳልፈው እሱ ስለሆነ የቱ ብየዳ እንደሚሰነጠቅ፣ የቱ ጥግ ቁልፍ እንደማያስገባ ይነግራችኋል። መሐንዲሱና ቴክኒሻኑ አንድ ጠረጴዛ ላይ ካልተቀመጡ ዕቃው ለኤግዚቢሽን ይቆማል እንጂ ሥራ አይገባም። ይህ በጣም ያሳዝነኛል፤ ስንት የደከማችሁበት ሥራ ቀለሙ ሳይለቅ ግቢ ውስጥ ዝጎ ይቀራል።

የወረቀቱን ነገር በአጭሩ። ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ገጽ ስምምነት ይኑራችሁ፦ መረጃው የማን ነው፣ የትኛው ቁጥር በመመረቂያ ጽሑፉ ውስጥ አይወጣም፣ አዲስ ነገር ቢገኝ መብቱ እንዴት ይከፈላል፣ አደጋ ቢደርስ ማን ያሳክማል። ድርጅቶች የምርት ቁጥራቸውን የሚደብቁት ክፉ ስለሆኑ አይደለም፤ ተወዳዳሪያቸው እጅ ይገባል ብለው ስለሚፈሩ ነው፤ በመቶኛ ለማቅረብ ከተስማማችሁ ብዙው ፍርሃት ይቀንሳል። ፈጠራን በሚመለከት አዋጅ ቁጥር 123/1987 አለ። ከፓተንት ሌላ ለአነስተኛ ፈጠራ የግልጋሎት ሞዴል ሰርተፊኬት ይሰጣል፤ ለብዙ የተማሪ ሥራ የሚስማማው ይኸኛው ነው። በአውደ ርዕይ ላይ ከማሳየታችሁና በማኅበራዊ ሚዲያ ከመልቀቃችሁ በፊት የዩኒቨርሲቲውን የኢንዱስትሪ ትስስር ክፍልና የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣንን አማክሩ፤ ለመብቱ የሚያስፈልገው አዲስነት ቀድማችሁ ይፋ በማድረጋችሁ በራሳችሁ እጅ ሊጠፋ ይችላል።

አንድ የውጭ ምሳሌ ልጨምር። አሜሪካ ውስጥ በሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ ኸርማን ሽናይደር የተባለ የምህንድስና መምህር እ.ኤ.አ. በ1906 በ27 ተማሪዎች የጀመረው አሠራር ነበር። ተማሪዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው አንዱ ክፍል ሲገባ ሌላው ፋብሪካ ይውላል፣ በሳምንቱ ይለዋወጣሉ። ፋብሪካው ቦታው ባዶ አይሆንበትም፤ ተማሪውም ያየውን ጥያቄ ትኩስ እንዳለ ለመምህሩ ያመጣል። ይህን ለመሞከር ከሚኒስቴር መመሪያ መጠበቅ አይኖርባችሁም። ሁለት ሆናችሁ አንድ ጣቢያ ያዙ፤ በየሳምንቱ መጨረሻ ደብተሩን እየተረካከባችሁ ተፈራረቁ። መምህራኖቻችሁንም ድርጅቱን በየዓመቱ እንዳይቀያይሩ ለምኑ። በአንድ ጣቢያ ላይ በተከታታይ የሚሠሩ ሦስት ባቾች በሦስት የተለያዩ ቦታዎች ከተበተኑት ይልቅ ብዙ ርቀት ይሄዳሉ፤ ሁለተኛው ባች መተማመንን እንደ አዲስ መገንባት የለበትምና።

ስትጨርሱ ለድርጅቱ የምትተዉት ጥራዝ ሰማንያ ገጽ አይሁን። ለኃላፊው አንድ ገጽ፦ በፊት ስንት ነበር፣ አሁን ስንት ነው፣ ለውጡ ስንት አወጣ። ለማሽኑ ደግሞ በፕላስቲክ የተሸፈነ የማስተካከያ ሰንጠረዥ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ፣ ኦፕሬተሩ ቆሞ በሚያይበት ቁመት የተለጠፈ። ሥዕሉን፣ የመለዋወጫውን ዝርዝር ከነተገዛበት ሱቅ፣ ያልተነካካውን ጥሬ መረጃ በፍላሽ ስጧቸው፤ ቅጂው በትምህርት ክፍሉ ይቀመጥ። ከዚያም በሚቀጥለው ለቀማ አንድ ቀን ተመለሱና ያንኑ ሦስት ናሙና ውሰዱ። ቁጥሩ ወደ ቀድሞው ተመልሶ ካገኛችሁት ሰንጠረዡ ማሽኑ ላይ አለ ወይስ ተነሥቷል፣ ኦፕሬተሩ ያው ነው ወይስ ተቀይሯል ብላችሁ ጠይቁና መልሱን ከቁጥሩ አጠገብ ጽፋችሁ ለሚቀጥለው ባች አስረክቡ።